የማን በሬ ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በአሮጌው መንገድ የሄደ ሰው ዱከምን የሚያስታውሳት በቁርጥ ነው። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ሥጋ ቤቶች አንዱ የአክስቴ ባል ነው፤ እኔም ያደግኩት እዚያ ነው። ደንበኛ ሻኛውን፣ ዳቢቱን፣ ጎድኑን እያየ ይመርጣል። አጥንቱን የሚያይ የለም። ቅልጥሙ ለመረቅ ይሄዳል፤ የቀረው በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ጓሮ በር ላይ ይቀመጥና አንዳንዴ ጋሪ ይወስደዋል፣ አንዳንዴ ውሻ ይቀድማል።

ባለፈው ዓመት እቴቴ (አክስቴን የምጠራት እንዲህ ነው) አጥንት ገዛች። ግማሽ ግራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንጋጋዋ ከተነቀለ ዓመታት አልፈዋል። ጥርስ የወጣበት ቦታ ላይ የመንጋጋው አጥንት ከጊዜ ጋር እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለመትከል መጀመሪያ ጎድጓዳውን መሙላት ያስፈልጋል። ሐኪሙ ትንሽ ብልቃጥ አሳያት። ነጭ፣ ሻካራ ስኳር የሚመስል ነገር። «ይቺን እንጨምራለን፣ ቀስ በቀስ አጥንት ይበቅልባታል» አላት። «የምንድን ነው?» አለች። «ካልሲየም ነው እናቴ።»

እኔ ካርቶኑን አነበብኩት። «ቦቫይን» ይላል። የከብት ማለት ነው። ሐኪሙ ሳነብ አይቶኛል፤ ተያየን። የስምምነት ፎርሙ በእንግሊዝኛ ስለነበር ወደ እኔ ዘረጋችው። «የተለመደ ነገር ነው፣ ፈርሚ» አልኳት። ፈረመች። የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ነበር፤ እቴቴ ሥጋ ቤት ውስጥ እየኖረች በሁዳዴ የቅቤ ሽታ ያለበትን ድስት እንኳ ለይታ የምታስቀምጥ ሴት ናት።

ሐኪሙ አልዋሸም። እኔም ቃል በቃል አልዋሸሁም። መከራከሪያዬንም እዚያው ወንበር ላይ አዘጋጅቼ ጨርሼ ነበር፤ ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ክፉ ልማዱ ይሄ ነው።

መከራከሪያዬ ይኸውላችሁ። አጥንት በዋናነት ሁለት ነገር ነው፦ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን እና ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባል ማዕድን። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ማዕድኑ ነው። የበሬ አጥንት ተቀቅሎ፣ ስቡ ወጥቶ፣ ደርቆ ምድጃ ሲገባ መጀመሪያ ይጠቁራል፤ ፕሮቲኑ እየከሰለ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ግራጫ ይሆናል። 900 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንደ ጠመኔ ይነጣል። በዚህ ጊዜ ሥጋ የለም፣ ደም የለም፣ ስብ የለም፤ ካልሲየም፣ ፎስፌትና ሃይድሮክሳይድ ብቻ። ይህን ማዕድን ከእንቁላል ቅርፊትም ማግኘት ይቻላል። ቅርፊቱ ከ90 በመቶ በላይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ሲቃጠል ኖራ ይሆናል፣ በኖራው ላይ በልኩ ፎስፎሪክ አሲድ ሲጨመር ሃይድሮክሲአፓታይት ይወጣል። ንጹሕ ከሆነ በሁሉም ዘንድ የካልሲየምና የፎስፈረስ ምጣኔው 1.67 ነው። ታዲያ አቶሙ ስሙን አይናገር፣ የበሬ ነኝ አይል፤ ምን የሚነገር ነገር አለ?

ደግሞ ስንቱን ሳንጠይቅ እንኖራለን። የመድኃኒት ካፕሱል ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ጀላቲን ነው፣ ጀላቲን ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው። ቦን ቻይና የሚባለው ስስ የሻይ ሲኒ ግማሽ ያህሉ የአጥንት አመድ ነው። በጾም ቀን በዚያ ሲኒ ሻይ ጠጥቶ የተናዘዘ ሰው አላውቅም።

ይህን ሁሉ ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት። የማይመቸኝ ነገር ግን ነበር። ምን እንደሆነ የገባኝ በሌላ መንገድ፣ የሞጆን የውኃ ማጣሪያ ሳነብ ነው።

ሞጆ ከዱከም ቢሾፍቱን አለፍ ብሎ ነው። እዚያ የኦሮሞ ራስ አገዝ ድርጅት፣ ኢዋግ ከሚባለው የስዊዘርላንድ የውኃ ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ፣ ለስምጥ ሸለቆ መንደሮች የከሰለ የከብት አጥንት ሲያዘጋጅ ነበር። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ውኃ እየጠጡ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፣ ሲብስ አጥንት ይጎብጣል። ፍሎራይድ የአጥንትን ማዕድን ይወዳል፤ ሲያገኘው ይይዘዋል። ስለዚህ ውኃው በጥቁሩ የአጥንት ከሰል መሀል ሲያልፍ ፍሎራይዱ የሚይዘው የበሬውን አጥንት ነው፣ የልጁን ሳይሆን። እቴቴ መንጋጋ ውስጥ የገባው ያው ነገር ነው፤ የሞጆው ጥቁሩ ላይ ይቆማል፣ የእሷው እስከ ነጩ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ነው መከራከሪያዬ የፈረሰው። ማጣሪያው የሚሠራው አጥንት ስለነበረ ነው፤ በአጋጣሚ ከአጥንት ስለመጣ አይደለም። የሐኪሙ ብልቃጥም እንዲሁ። ከኖራና ከአሲድ የተሠራ ዱቄት እያለ ሰው ለምን የበሬ አጥንት ይመርጣል? ለቀዳዳዎቹ። የስፖንጅ አጥንት በጥንቃቄ ሲቃጠል ሥጋው ይሄዳል እንጂ ቅርጹ አይሄድም፤ ደም ሥርና አዲስ የአጥንት ሴል የሚገቡባቸው ክፍሎች እንዳሉ ይቀራሉ። ማግኒዥየሙ፣ ሶዲየሙ፣ በሬው በሕይወቱ ያጠራቀመው ትንንሽ ነገር ይቀራል። ሻጩ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው። እንግዲህ ሲሸጥ «ከእውነተኛ አጥንት ስለሆነ ጥሩ ነው» እያልን፣ ሲጠየቅ «ከበሬ ጋር ምንም አያገናኘውም» ማለት አንችልም። ከሁለቱ አንዱን እንምረጥ።

ኮድ ለሚጽፉ አንባቢዎች፦ ጊት ላይ ሁለት ኮሚቶች ይዘታቸው ፊደል በፊደል አንድ ሆኖ ወላጃቸው ከተለየ መለያቸውም ይለያል። ይህን ማሽን የሠሩ ሰዎች ታሪክ ከይዘት ውጪ የሚቆጠር ነገር መሆኑን ተቀብለዋል። እኔ በየቀኑ በዚህ እየሠራሁ ለአክስቴ ነፈግኳት።

አሁን ደግሞ ነገሩ ወደ ቤት ቢመጣ ብዬ አስባለሁ። ከ60 ሚሊዮን በላይ ከብት ያለባት ሀገር ግማሽ ግራም የበሬ አጥንት በዶላር ማስገባቷ ያበሳጫል። አንድ ቀን ዱከም ውስጥ ይሠራል እንበል። (በማንም ምድጃ ማለቴ አይደለም፤ ንጽሕናው፣ የጤነኛ ከብት ማረጋገጫው፣ ምርመራው ከባድ ሥራ ነው። እንግሊዝ ላይ የእብድ ላም በሽታ ካስደነገጠ ወዲህ ዓለም ከከብት የመጣ ነገር ላይ አይቀልድም።) የጋሼ ሥጋ ቤት መስቀል አለበት፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው ጨረቃና ኮከብ። ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ አይበላም፣ ሙስሊሙ የክርስቲያን አይበላም፤ ተከባብረን የምንኖረው ይህን ለይተን ነው። ጋሪው ግን ሁለቱንም ከረጢት ባንድ ላይ ይጭናል፣ ምድጃውም አይለይም። የእስልምና ሊቃውንት ኢስቲሃላ የሚሉት ነገር አላቸው፤ ጠጅ ኮምጣጤ ሲሆን ብያኔው እንደሚቀየር ሁሉ፣ አንድ ነገር ባሕርዩ ከተለወጠ ሕጉም ይለወጣል ወይ ብለው ለዘመናት ተከራክረዋል። ስለ ጀላቲን ሁሉም አልተስማሙም። ልብ በሉ፣ ይህ ክርክር የሚቻለው የነገሩን መነሻ ለሚያውቅ ሰው ነው። እኔና ሐኪሙ እቴቴን የነሳናት ይህን ዕድል ነው። ምናልባት ግድ አይሰጣት ይሆናል። ምናልባት የነፍስ አባቷን ጠይቃ በሰላም ትመለስ ነበር። ምናልባት እስከ ፋሲካ አቆየው ትል ነበር፤ መንጋጋው እንደሆነ ለዓመታት ጠብቋል።

ከፋሲካ በኋላ ቡና ላይ ነገርኳት። መጀመሪያ የሳቀው ጋሼ ነው። «የበሬ አጥንት? ከእኛ አይገዙም ነበር!»

እሷ አልሳቀችም። «የማን በሬ ነው?»

«የአውሮፓ።»

ሲኒዋን አስቀመጠች። «ያን ቀን ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ዶክተሩስ?»

«እሱም።»

«እንግዲህ ሁለታችሁ ታውቃላችሁ፤ አፌን ከፍቼ የተኛሁት እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።»

ስለ 1.67 ልነግራት ጀምሬ ተውኩት።

መስከረም ላይ ጥርሱ የሚተከልበት ቀን ደረሰ። አጥንቱ ጥሩ ይዟል አሉ። አሁንም ሌላ ፎርም መጣ፣ አሁንም በእንግሊዝኛ። እጄን ዘረጋሁ። እቴቴ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ሌላ ቀን እመጣለሁ» አለቻቸው። ዱከም ስትመለስ ዩኒቨርሲቲ የገባችውን የጎረቤት ልጅ ጠርታ፣ ከላይ እስከ ታች አስነበበቻት።