ሕፃኑን ይዘህ ውጣ

ልጆቼ፣ የጽጌ ወር ገብቷል። በሆቴል ወጥ ቤት ቀኑን ሙሉ ሥጋ ስትጠብሱ ውላችሁ ጾሙን የምትጾሙ አላችሁ፤ የፈቃድ ጾም ነው፣ ማንም አላስገደዳችሁም። ቅዳሜ ማታ ከሥራ ወጥታችሁ በቀጥታ ለማኅሌቱ የምትቆሙትንም አያለሁ። በዚህ ስማችሁን በሄድኩበት ሁሉ በመልካም አነሣለሁ። የምቆጣችሁ በሌላ ነገር ነው።

ሰሞኑን አንዱን ልጅ ልስም፣ ሌላውን ልመርቅ እያልኩ በየቤታችሁ ስዞር የማየው አንድ ዓይነት ነው። በሩ ተዘግቷል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ ጄኔሬተሩ ከሠራ ኤሲው ይነፍሳል። ዓመት ተመንፈቅ የሆነው ልጅ ሴራሚኩ ላይ ተቀምጦ፣ የስኳር ጣሳ አስደግፈው ያቆሙለትን ስልክ ያያል። አባት አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የራሱን ስልክ ያያል። ስሙን ጠርቼ ብገባ ልጁ ቀና አይልም። "እግሩ አፈር ነክቶ አያውቅም እኮ፣ አባባ" ትለኛለች እናቱ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው። ምን ብዬ ላመስግናት?

እስቲ ደጁን እዩት። አገራችን ላይ ክረምቱ በመስከረም ይወጣል፣ ሜዳው አደይ ይለብሳል። ያለንባት ጁባ ዘግየት ትላለች፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ሲወርድ የከረመው ዝናብ በጥቅምት ይቀንስና በኅዳር ይቆማል። አደይ የላትም። ግን ጭቃው ይጠነክራል፣ አቧራው ገና አልተነሣም፣ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ የኒሙ ጥላ ወፍራም ነው፣ በጀበል ኩጁር በኩል ሰማዩ ታጥቦ ይጠራል። የጁባ መጸው ይህ ነው። ስንት ጊዜ ይቆያል? ታኅሣሥ ካለፈ ሙቀቱ እየበረታ ይሄዳል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ በደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘግተው ነበር። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ጁባ ተማሪዎች በሙቀት እየተዝለፈለፉ ስለወደቁ እንደገና ለሁለት ሳምንት ተዘጉ። በዚያ ወራት ልጁን ቤት አስቀምጡት፤ ማንም አይወቅሳችሁም። አሁን ግን በምን ምክንያት?

ምክንያታችሁን አውቀዋለሁ። "ለጊዜው ነው፣ አባባ።" የመጣነው ለሥራ ነው፤ ትንሽ ይዘን አገር ስንገባ ግቢ ያለው ቤት እንሠራለን፣ ልጁም ያን ጊዜ እንደ ልቡ ይሮጣል። ይህን ንግግር ከእናንተ በፊትም ሰምቼዋለሁ። ከ1997ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ሆቴል ሊከፍቱ፣ ውኃ በቦቴ ሊያመላልሱ የመጡት እንዲህ ይሉ ነበር። በሐምሌ 2003 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃ ስትወጣ የመጡትም ያንኑ አሉ። ያን ጊዜ እዚህ የተወለዱት ዛሬ ጢም እያበቀሉ ነው። ገንዘቡም ተጠራቀመ፣ አንዳንዱ ቤቱንም ሠራ፤ ልጁ ግን የሠሩለትን ግቢ ሲያይ መሮጫ ዕድሜው አልፎት ነበር። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ግቢው እስኪሠራለት ሁለት ዓመቱ ላይ ቆሞ አይጠብቅም።

ወደ ጾሙ ልመልሳችሁ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት የምናስበው ምንድን ነው? እመቤታችን ልጇን አዝላ፣ አረጋዊው ዮሴፍና ሰሎሜ አብረዋት፣ ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሽተው ግብፅ መውረዳቸውን ነው። ኅዳር 6 ቀን የቁስቋምን በዓል የምናከብረውም ለዚህ ነው። በእኛ ትውፊት ሦስት ዓመት ከስድስት ወር በሰው አገር ቆይተዋል። የልጅነቱን የሩጫ ዕድሜ ጌታ ያሳለፈው በስደት ምድር፣ በሰው ዛፍ ጥላና በሰው ወንዝ ዳር ነው። በዚህ በጁባ አጠገብ የሚያልፈው ውኃ የሱድን ረግረግ ተሻግሮ፣ ካርቱም ላይ ከእኛው ዓባይ ጋር ተገናኝቶ ግብፅ የሚገባው ነው፤ ቁስቋም ባለችበት በአስዩጥ አገር ያልፋል። እንግዲህ ስደቱን በማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብ አድሮ፣ ጠዋት የራሱን ስደተኛ ሕፃን ክፍል ውስጥ ቆልፎበት የሚተኛ ወላጅ ምን እያሰበ ነው ያደረው?

አሁን ወደ እናንተ ወደ አባቶች እመጣለሁ፤ ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው። እናቶቹን ትንሽ ገሠጽኩ እንጂ እነሱማ ቡና እያፈሉ፣ እንጀራ እየጋገሩ፣ ልጁንም አዝለው ነው የሚውሉት። መልአኩ በዚያ ሌሊት ወደ ማን መጣ? ወደ ዮሴፍ ነው። ሕፃኑንና እናቱን ይዞ እንዲነሣ የታዘዘው እሱ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ነበር፤ ጉልበት የለኝም አላለም፣ እስኪነጋ ልተኛ አላለም። በዚያው ሌሊት ተነሣ። አንተ የ28 ዓመት ጎልማሳ "ደክሞኛል" ትለኛለህ። መድከምህን አልክድም፤ ከንጋት እስከ ማታ ቆመህ ነው የምትውለው። ግን እሑድ ከሰዓት የእንግሊዝ ኳስ ሲኖር በቦዳ ሞተር ድልድዩን ተሻግረህ ጉምቦ ድረስ ስትሄድ ድካሙ የት ይገባል? ለዘጠና ደቂቃ ጨዋታ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ወገብ ልጁን እስከ ሰፈሩ ዛፍ ድረስ መሸከም እንዴት አቃተው? አንዱን ብጠይቀው "ከኮኞ ኮኞ ገበያ የፕላስቲክ መኪና ገዝቼለታለሁ" አለኝ። አየሁት መኪናውን፤ ሁለት ቀን ሴራሚኩ ላይ ዞሮ ጎማው ወልቆ አልጋ ስር ገብቷል። ሌላው ደግሞ ልጅ ማዘል የሴት ነው አለኝ። እሺ፣ አትዘለው፤ ትከሻህ ላይ አስቀምጠው። እኔን አባቴ በጽጌ ወር ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ እርሻው ሲወስደኝ ሰው አልሳቀበትም። አደዩ እሱን እስከ ደረቱ ይደርስ ነበር፣ እኔን እግሬን ይነካኝ ነበር። ያን ሁሉ ነገር ረስቼ የአባቴ ፀጉር የቅቤ ሽታ አልጠፋኝም። የእናንተ ልጅ ከአባቱ ምኑን ያስታውስ? የስልኩን መብራት?

እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት የሆነውንም ልንገራችሁ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚህ ጁባ ተኩሱ ሲነሣ የልጄ ልጅ ከእኛ ጋር ነበረች፤ መራመድ የጀመረች ሰሞን ነው። ፍራሹን መስኮቱ ላይ አስደግፈን ወለሉ ላይ ተኛን። ከባድ መሣሪያ ሲተኮስ የጣራው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። እሷ ጥይት ምን እንደሆነ አታውቅም፤ የምታውቀው በሩ መዘጋቱን ነው። እየተንገዳገደች ሄዳ በሩን በመዳፏ ትመታዋለች፣ እጎትታታለሁ፣ ደግማ ትሄዳለች። በኋላ ተኩሱ ቆመ ተብሎ በሩ ሲከፈት ሁላችንንም ቀድማ ወጥታ፣ ግቢው መሐል ዝናብ ያቆረው ውኃ ውስጥ ቁጭ አለች። እናቷ አለቀሰች እንጂ አልተቆጣችም። ያን ቀን እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት ነፍሳችን በመትረፏ ብቻ አልነበረም፤ ያቺን ልጅ ጭቃ ውስጥ ስላየኋትም ጭምር ነው።

እኛ ጥይት የዘጋብንን በር እናንተ በጸጥታው ቀን በገዛ እጃችሁ ትዘጉታላችሁ። ያናደደኝ ይህ ነው! ልብሱ ይቆሽሻል ትሉኛላችሁ። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ብለው አልነበረም ወይ አባቶቻችን? ልብስ ይታጠባል። ስልኩን በተመለከተ የእኔን የሽማግሌውን ቃል ባትሰሙ የዓለም ጤና ድርጅትን ስሙ። በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመከርም፤ ሁለት ዓመት ለሞላው ቢበዛ በቀን 1 ሰዓት ነው። መራመድ ለጀመረ ልጅ ደግሞ በቀን 3 ሰዓት ያህል እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። ሴራሚክ ላይ ተቀምጦ 3 ሰዓት የሚንቀሳቀስ ልጅ ካለ አሳዩኝ።

ልጁን ለአያቱ ወደ አገር የምትልኩም አላችሁ። ችግር የገፋው ይላክ፤ አባት እንደ ልቡ እንዲተኛ ተብሎ ግን ልጅ አይላክም።

ጊዜውን ታውቁት ዘንድ ልንገራችሁ። ደቡብ ሱዳን በጥር 2013 ዓ.ም. ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ከመለሰች ወዲህ ፀሐይ ቶሎ ወጥታ ቶሎ ትጠልቃለች፤ በዚህ ወቅት ማታ 12 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። ስለዚህ "ከሥራ ስንወጣ እናወጣዋለን" ማለት በጨለማ ማውጣት ነው። የእናንተ ሰዓት ጠዋት ነው፤ 12 ሰዓት ሳይሞላ ብርሃን ስለሚሆን ሥራ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ሰዓት አይጠፋችሁም። ከሰዓት በኋላ ካወጣችሁት ደግሞ ሳይመሽ ግቡ፣ የወባ ትንኝ የምትነሣው ሲመሽ ነው፤ አጎበሩም አይረሳ። የሚጠጣው ውኃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የታወጀውን ኮሌራ አይተናል። ወንዙን ከሩቅ አሳዩት እንጂ ዳሩ ላይ አታቁሙት፤ ውኃው ይወስዳል፣ አዞም አለ። ከከተማው ጫፍ መሬት ላይ የወደቀ የማታውቁት ብረት ካያችሁ አትንኩ፣ ልጁን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ይህ አገር ብዙ ጦርነት ያየ ነው። ጸጥታው የሚያጠራጥር ቀን ደግሞ አትውጡ። በመንገድና በድልድይ ላይ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሣት ችግር እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ፤ ለእኔ ይህ በረከት ነው፣ ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆያል።

ሩቅ ሂዱ አላልኩም። የሁለት ዓመት ልጅ ከግቢው በር እስከ ኒሙ ዛፍ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ተዉት ይፍጅበት። ግድግዳው ላይ ራሷን የምትነቀንቀውን እንሽላሊት ቆሞ ይያት። ከላይ የሚዞረውን ጭልፊት፣ አጥር ለአጥር የምትሄደውን ፍየል አሳዩት። ከብት አርቢዎቹ ሙንዳሪዎች ረጃጅም ቀንድ ያላቸውን ከብቶቻቸውን ይዘው ሲያልፉ ልጁን ትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁ ዳር ቁሙ፤ እንዲህ ያለ ቀንድ የእናንተም አገር ልጅ በቀላሉ አያይም። ሻይ የምታፈላዋ ጎረቤታችሁ በዓረብኛዋ ስታጫውተው አትንጠቋት። ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ አማርኛውን አይረሳም፤ አማርኛ የሚረሳው ማንም የማያናግረው ልጅ ነው። ስትሄዱ አውሩት፤ ይህ ዛፍ ነው፣ ይህ ወፍ ነው፣ እዚያ ማዶ ተራራው ነው በሉት።

እንደገና "ለጊዜው" እንዳትሉኝ። ዮሴፍም ግብፅ የወረደው ለጊዜው ነበር፤ መልአኩ እስኪነግረው ድረስ እንደሚቆይ ያውቃል። ለጊዜው ነው ብሎ ግን ሕፃኑን አላስቀመጠውም፤ ይዞት ሄደ፣ ይዞት ዞረ፣ ይዞት ተመለሰ። እናንተም ወደ አገራችሁ ትመለሱ ይሆናል፤ እኔም እጸልይላችኋለሁ። የምትመለሱት ግን ልጁን ያላችሁበትን አገር አሳይታችሁት ይሁን። "የት ተወለድክ?" ሲሉት "ክፍል ውስጥ" የሚል ልጅ ይዛችሁ አትግቡ።

በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ እቆማለሁ። እናቶችን አልጠይቅም። አባቶችን አንድ በአንድ፣ በሳምንቱ ልጅህን የት ወሰድከው እላለሁ። መዋሸት የሚያስብ ካለ አይድከም፤ ልጁ ያጋልጠዋል፤ ፍየል ያየ የሁለት ዓመት ልጅ ፍየሏን ሳያስመስል አይውልም። "ሜ" ያለ ልጅ አባት ምርቃቱን ይወስዳል። ሌላው ቁጣዬን ተቀብሎ፣ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ከዚያው ከቤተ ክርስቲያኑ በር በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል።