ሲንኳኳ የማይከፈት በር

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ወላይታ ሶዶ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል ጽሑፍ ልጨርስ ብዬ ስልኬን አጥፍቼ፣ በሬን ቀርቅሬ ተቀመጥሁ። ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ዝም አልሁ። ዳግም ተንኳኳ፤ አሁንም ዝም አልሁ። ማታ ስወጣ ጉዳዩን ሰማሁ፤ ጎረቤቴ ልጇ ታሞባት ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ሰው ፍለጋ ነበር የመጣችው። ሕፃኑ ዳነ። እኔ ግን ከራሴ ጋር ገና አልታረቅሁም። ለመሆኑ ሰው ሥራ ላይ ሳለ ለማን ሊነሳ ይገባዋል?

ጥያቄው ሲያብሰለስለኝ አንድ የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያ የነገረኝ ትዝ አለኝ። ኮምፒዩተር “ቁልፍ ተነክቶ ይሆን?” እያለ ኪቦርዱን ደጋግሞ ቢጠይቅ ጊዜው በከንቱ ያልቃል። ስለዚህ ኪቦርዱ ራሱ በኤሌክትሪክ ምልክት ይጠራዋል፤ ይህ “ኢንተራፕት” ይባላል። ፕሮሰሰሩ የያዛትን አንዲት ትእዛዝ ይጨርሳል፤ የት እንደደረሰ ይመዘግባል፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለዚያ ጥሪ ያዘጋጀውን ፕሮግራም ያስኬዳል፤ ከዚያም ወዳቋረጠው ሥራ ይመለሳል። ሊኑክስን የመሳሰሉት ደግሞ አስቸኳዩን ወዲያው ፈጽመው ረጅሙን ለኋላ ያቆዩታል።

በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር 8 የጥሪ መስመሮች ነበሩት። ቅደም ተከተልም ነበራቸው፤ ሰዓቱ ከኪቦርዱ ይቀድማል። ፕሮሰሰሩ ለጊዜው “አልሰማም” ብሎ ለሁሉም ጆሮውን ሊደፍን ይችላል። አንድ ጥሪ ግን በዚያ ትእዛዝ ዝም አይልም፤ የሜሞሪ ስህተትን የመሰለ ከባድ አደጋ የሚያስታውቀው ጥሪ።

ማሽኑ ርኅሩኅ ሆኖ አይደለም። ሠሪዎቹ የትኛው ጥሪ በምንም ሥራ መካከል መሰማት እንዳለበት ረጋ ብለው አስቀድመው ስለ ወሰኑ ነው። እኔ ሳልወስን ሁሉንም በአንድ መቀርቀሪያ ዘጋሁ።

“ለመጣ ሁሉ ከተነሱ ሥራ መቼ ይሠራል?” የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ነገር ግን ማሽኑ ማን እንደጠራው ከመስመሩ ቁጥር ያውቃል፤ የበር ኳኳታ ቁጥር የለውም። ቡና ጠሪዋም፣ ልጇ የታመመባትም በአንድ ዓይነት እጅ ያንኳኳሉ። ለመለየት መክፈት ግድ ነው። “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት” የምንለው ጎረቤት በር ሲከፍት አይደለምን? ለቡናው “ቆይቼ እመጣለሁ” ማለት ይቻላል፤ ለታመመው ልጅ አይቻልም።

ዛሬም በሬን ዘግቼ እጽፋለሁ። ሲንኳኳ ግን የጀመርሁትን ዓረፍተ ነገር እጨርስና እከፍታለሁ። ወረቀቱ ካቆምሁበት ይጠብቀኛል።