ሐረግ በብራናና በቤት

ሐረግ የተባለው ጌጥ ስሙን ያገኘው በዛፍ ላይ ከሚጠመጠመው ተክል ነው። በቢቸና አገር በዲማ ጊዮርጊስ፥ ወይም በሞጣ ጊዮርጊስ የተማረ ካህን ከብራና መጽሐፍ ራስ ላይ ያውቀዋል፤ ንባቡ ከየት እንደሚጀምር በእርሱ ይለያልና።

ዛሬ ይኸው ሐረግ በሠርግ መጥሪያ፥ በደብዳቤ ወረቀትና በመጋረጃ ላይ ታትሞ ሲታይ፥ የመጽሐፍ ጌጥ በቤት መዋሉ ድፍረት አይደለምን የሚል ክርክር ይነሣል። መጥሪያው በማግሥቱ ከጉድፍ ጋራ ስለሚጣል ክርክሩ ከንቱ አይደለም።

ነገር ግን ሐረጉ ከዱር ወደ ብራና ገባ እንጂ ከብራና አልበቀለም። ሰሎሞንም የቤተ መቅደሱን ግድግዳ በዘንባባና በፈነዳ አበባ አስቀርጾ ነበር፤ ዘንባባ ግን ስለዚህ ከሰው ደጅ አልተከለከለም። የጎጃም እናቶችም በስንደዶና በአክርማ መሶብ ሲሰፉ ጌጥ ያወጡበታል፤ እንጀራ ይበላበታል፤ የነቀፋቸውም የለም።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ጸሓፊው ሐረጉን የሚሥለው ከበታቹ ለሚጻፈው ቃል ክብር ነው። አንድ ሰው ሐረግ በታተመበት ወረቀት ባልንጀራውን በሐሰት ቢከስ፥ ያ ጌጥ ለማን ክብር ሆነ? ለእናት የሚላክ ተራ ደብዳቤ ከዚህ ይልቅ ይገባዋል። በሐረጉ መካከል መስቀል የተጠላለፈ እንደ ሆነ ግን፥ አታሚው ተክሉን ወስዶ መስቀሉን ለመጽሐፉ ይተውለት፤ የእርሱ ወረቀት ነገ ይጣላልና።