አስቀድሞ የማወቅ ዕዳ

ሰው ባላወቀው ጥፋት ሊወቀስ አይገባውም ይባላል። ጥፋቱ ሳይደርስ ስፍራውና መጠኑ በካርታ ተሥሎ የቀረበለት ሰውሳ ምን ይመልሳል? ይህን ጥያቄ ያነሣነው በባሕር ዳርቻ የሚኖረውን ሕዝብ ከማዕበል ለማዳን ስለሚሠራበት ዘዴ ስናስብ ነው።

የዐውሎ ነፋሱ መንገድ፥ ፍጥነት፥ ስፋትና የአየሩ ግፊት ለኮምፒዩተር ሲሰጠው፥ ነፋሱ ገፍቶ ወደ የብስ የሚያመጣውን የባሕር ሙላት አስልቶ ያወጣል። የምድሩም ከፍታና ዝቅታ ከአውሮፕላን በብርሃን ጨረር ተለክቶ በኮምፒዩተር ካርታ ላይ ይሠፍራል። ሁለቱ ሲጋጠሙ ውኃው በየትኛው መንገድ እስከ ጕልበት፥ በየትኛውስ እስከ ጣራ እንደሚደርስ ይታያል።

በአሜሪካ፥ በሉዊዚያና ክፍለ ግዛት የምትገኘው የኒው ኦርሊንስ ከተማ ብዙ ሰፈሮቿ ከባሕር ጠለል በታች ናቸው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በጁላይ 2004 ዓ.ም. ሹማምንቱ ተሰብስበው፥ «ፓም» የተባለ በአሳብ የተፈጠረ ዐውሎ ነፋስ ከተማይቱን ቢያጥለቀልቃት ምን እንደሚደረግ መከሩ። በኦገስት 29 ቀን 2005 ዓ.ም. «ካትሪና» በእውነት መጣ። ከከተማይቱ ከመቶ ሰማንያው እጅ በውኃ ተሸፈነ፤ በጠቅላላው ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። (ከግድቦቹ አንዳንዶቹ ውኃው ሳይሻገራቸው የተደረመሱ ስለ ሆኑ፥ ጥፋቱን ሁሉ በሹማምንቱ ላይ መጫን አይገባም።)

ሕዝቡ በሙሉ ከተማይቱን ለቆ እንዲወጣ የታዘዘው በዋዜማው ነበር። ከነዋሪዎቹ ከ100,000 በላይ የሚሆኑት መኪና እንደሌላቸው ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው። «ውጡ» የሚለው ቃል መኪና ላለው መዳኛ ሲሆን፥ ለሌለው ወሬ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ስሌት ይሳሳታል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በሴፕቴምበር 2004 ዓ.ም. «አይቫን» ይመጣል ተብሎ ብዙ ሕዝብ ከወጣና በመንገድ መጨናነቅ ከተንገላታ በኋላ፥ ነፋሱ ወደ አላባማ ዞረ። በከንቱ የሸሸ ሰው ሁለተኛ ቢያመነታ አይፈረድበትም። ይህ ግን፥ እንደሚመስለን፥ የባለ ካርታውን ዕዳ ያከብደዋል እንጂ አያቀልለትም። በማማ ላይ የተቀመጠ የማሽላ ጠባቂ ዝንጀሮ መጣ ብሎ በመጮኽ ብቻ ሥራውን አይፈጽምም፤ ወንጭፉን ይዞ ይወርዳል። የውኃውን ጥልቀት በየቤቱ ደጃፍ የለካ ሰው፥ በዚያ ቤት ውስጥ የተኛ በሽተኛ መኖሩንና ማን እንደሚያነሣው ሳይጠይቅ ካርታዬን ጨረስሁ ሊል የሚችል አይመስለንም።

በ2008 ዓ.ም. «ጉስታቭ» የተባለው ዐውሎ ነፋስ በቀረበ ጊዜ ኒው ኦርሊንስ መኪና የሌላቸውን ነዋሪዎች በየተመደበላቸው ስፍራ ሰብስባ በአውቶቡስና በባቡር አወጣቻቸው።