በገና ሰሞን የድሮ ፊልም ማየት ይገባልን?



የገና በዓል በተቃረበ ቁጥር በወጣቶች መካከል የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም «በበዓሉ ሰሞን ተሰብስቦ ፊልም ማየት፣ በተለይም የውጭ አገር ሰዎች ስለ ገና የሠሯቸውን ጥቁርና ነጭ የድሮ ፊልሞች ማየት ይገባል ወይስ አይገባም?» የሚል ነው። አንዳንዱ «ፊልም ዓለማዊ ነገር ስለሆነ ከበዓሉ ጋር አይገናኝም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ስድብና ግድያ የሌለበት፣ መልካምነትን የሚያስተምር ፊልም ምን ጉዳት አለው?» ሲል ይመልሳል። እኔ ግን ጥያቄው ከዚህ ጠለቅ ማለት ያለበት ይመስለኛል። ፊልሙ ንጹሕ ነው ወይ ብለን ብቻ ሳይሆን፣ አይተን ከተነሣን በኋላ ምን ዓይነት ሰዎች ሆነን እንወጣለን ብለንም መጠየቅ ይገባናል።

በመጀመሪያ ሲኒማን በጠቅላላው የሚያወግዘውን አስተያየት እንመልከት። ሲኒማ ወደ አገራችን በገባበት ዘመን የአዲስ አበባ ሕዝብ የፊልም ማሳያውን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠርቶት ነበር። በጨለማ ቤት ውስጥ የሰው ጥላ ግድግዳ ላይ ሲራመድ ላየ ሰው ይህ ስም አያስገርምም። ነገር ግን ስም ማውጣት ማስረጃ ማቅረብ አይደለም። አባቶቻችንም ቢሆኑ በሥዕል አስተምረዋል። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ታሪኩን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይማር ነበር። በጥንቱ ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ሲመለከቱ፣ ክፉዎች ግን በጎን ተስለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። እንግዲህ ሥዕል በመሆኑ ብቻ የሚወገዝ ነገር ከሌለ፣ የሚንቀሳቀሰውም ሥዕል በመንቀሳቀሱ ብቻ ሊወገዝ አይችልም።

አሁን ወደ ፊልሞቹ እንምጣ። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1946 ፍራንክ ካፕራ ያዘጋጀው «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» የተባለው ነው። ጀምስ ስቱዋርት የሚጫወተው ጆርጅ ቤይሊ ዓለምን ዞሮ ለማየት ይመኝ የነበረ የአንዲት ትንሽ ከተማ ሰው ነው። ለድሆች ቤት መሥሪያ የሚያበድረው የአባቱ ድርጅት እንዳይዘጋ ሲል ግን ምኞቱን ትቶ ይቀራል። በገና ዋዜማ አጎቱ 8,000 ዶላር ይጥላል። ጆርጅ ከውርደቱ ሞት ይሻለኛል ብሎ ድልድይ ላይ ይቆማል። በዚያን ጊዜ አንድ መልአክ መጥቶ፣ እርሱ ባይወለድ ኖሮ ከተማዋ ምን ትመስል እንደነበር ያሳየዋል። በመጨረሻም የረዳቸው ጎረቤቶች ሁሉ ገንዘብ ይዘው ቤቱን ይሞሉታል። ገንዘቡን አግኝቶ የደበቀው ሀብታም ግን ሳይቀጣ ይቀራል። ይህ ፊልም በወጣበት ጊዜ ትርፍ አላስገኘም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የባለቤትነት መብቱ ሳይታደስ በመቅረቱ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለዓመታት በነጻ እያሳዩት የሕዝብ በዓል አካል ሆነ። ገበያው የናቀው ነገር በነጻ ሲሰጥ ተወደደ ማለት ነው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው «ዘ ቢሾፕስ ዋይፍ» ነው። ዴቪድ ኒቨን የሚጫወተው ጳጳስ ትልቅ ካቴድራል ለማሠራት ሲደክም ሚስቱንና ድሆችን ይረሳል። ርዳታ እንዲደረግለት ሲጸልይም በካሪ ግራንት የሚመሰለው መልአክ ይመጣል። ጳጳሱ የጠበቀው ለሕንፃው ገንዘብ እንዲገኝለት ነበር። ይሁን እንጂ መጨረሻ ላይ ሀብታሟ ሴት ገንዘቧን ለሕንፃ ሳይሆን ለተቸገሩ እንዲውል ትወስናለች። ሕንፃ ለማሠራት ለምንደክም ምእመናን ይህ ታሪክ ከሩቅ አገር የመጣ አይመስለኝም።

እንዲህ ያለውን ፊልም አይቶ የማያለቅስ ጥቂት ነው። ጥያቄውም እዚህ ላይ ይጀምራል። ያ እንባ ምን ዋጋ አለው? ከ1,600 ዓመት በፊት አውግስጢኖስ ስለ ወጣትነቱ ሲጽፍ፣ በካርታጎ ከተማ ቲያትር እጅግ ይወድ እንደነበር ይናገራል። ከዚያም ከባድ ጥያቄ ያነሣል። ተመልካቹ እንዲያዝን እንጂ እንዲረዳ የማይጠራበት ኀዘን እንዴት ምሕረት ሊባል ይችላል? ነው ነገሩ። እውነቱን ነው። በፊልም ላይ ያለው ችግረኛ እጁን ዘርግቶ ልብሳችንን አይዝም። ሌሊት በራችንን አያንኳኳም። እርሱን መውደድ ምንም ስለማያስከፍል ሁላችንም እንወደዋለን። አደጋውም ይህ ነው። ለጆርጅ ቤይሊ ያለቀሰ ሰው የምሕረት ድርሻውን የተወጣ መስሎት በሰላም ይተኛል።

ታዲያ አውግስጢኖስን ተከትለን ሁሉን እንዝጋውን? አይመስለኝም። ነቢዩ ናታን ዳዊትን ለመገሠጽ በመጣ ጊዜ ክርክር አላቀረበም፤ ታሪክ ነገረው እንጂ። አንዲት በግ ብቻ ስላለችው ድሃና በጉን ስለወሰደበት ሀብታም ነገረው። ዳዊት ለማያውቀው ሰው አዘነ፤ በማያውቀው ሰው ላይም ተቆጣ። እስከዚህ ድረስ እንደ ማንኛውም የሲኒማ ተመልካች ነበር። ለውጡ የመጣው ናታን ያ ሀብታም ራሱ ዳዊት መሆኑን በነገረው ጊዜ ነው። ስለዚህ ልብ ወለድ ታሪክ ልብን ሊከፍት ይችላል። ነገር ግን ከታሪኩ በኋላ ናታን ያስፈልጋል። ናታን የሌለበት ፊልም እንባ ብቻ አስፈስሶ ይሄዳል።

ሌላም መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። እነዚህ ፊልሞች ገናን በበረዶና በጥድ ዛፍ ያሳያሉ። የእነርሱ በዓል ዲሴምበር 25 ሲውል በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ነው። በዚያን ዕለት ብዙው የአገራችን ምእመን ኅዳር 15 የጀመረውን ጾመ ነቢያት ገና አልፈታም። በረዶውን እያየን የራሳችንን በዓል ጎደሎ አድርገን ብንቆጥር ትልቅ ስሕተት ነው። በኦሮምኛ በዓሉ አያና ቂሌ ይባላል፤ ቂሌ ማለትም የገናው ጨዋታ ነው። በዚያ ጨዋታ ላይ ጌታና ሎሌ እኩል እንደሚሆኑና ጌታ እንደማይቆጣ ከጥንት ይነገራል። የፊልሙ ጎረቤቶች በገና ዋዜማ ያደረጉትንም የእኛ ሰው በእድር ዓመቱን ሙሉ ያደርገዋል።

ጥቁርና ነጭ ፊልምም ቢሆን የባዕድ ብቻ አይደለም። «ሂሩት አባቷ ማን ነው» የተባለው የመጀመሪያው ረጅም ፊልማችን በ1957 ዓ.ም. የተሠራው በጥቁርና ነጭ ነው። በዚያው ዓመት የተጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ለ20 ዓመት ያህል ቀለም አልነበረውም። ኃይሌ ገሪማም እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ ያቀረበው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የባላባትንና የጭሰኛን ኑሮ ያለ ቀለም ያሳያል። ቀለም ሲጠፋ ልብሱና ጌጡ ይደበዝዛል፤ ፊት ግን ይጎላል። የድሮ ፊልም ትልቅ ጥቅሙ ይህ ይመስለኛል፤ የሰውን ፊት እንድናይ ያስገድደናል።

ስለ ተዋንያኑም አንድ ቃል ልበል። ወጣቶች ተዋናዩንና የሚጫወተውን ሰው አንድ አድርገን ማክበር እንወዳለን። ካሪ ግራንት መልአክ መሰለ እንጂ መልአክ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ዐረፈ። ጀምስ ስቱዋርትም በ1997 ዐረፈ። በመጋረጃው ላይ ግን ዛሬም ወጣቶች ናቸው፤ ይስቃሉ፤ ይሮጣሉ። ይህ የሰው ክብር እንደሚያልፍ፣ የሠራው ሥራ ግን ከእርሱ በኋላ እንደሚቆይ ያስታውሰናል። ልናመልካቸው አይገባም፤ ካለፈው ሥራቸው ግን ልንማር እንችላለን።

እንግዲህ በነቀምቴም ሆነ በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች በገና ሰሞን ፊልም ለማየት የምንሰበሰብ ከሆነ፣ ሦስት ነገር ማድረግ እንችላለን። አንደኛ፣ ፊልሙ እንዳለቀ አንበተን፤ ቡና ይፈላ፤ ከአቦል እስከ በረካ እንነጋገር። ሁለተኛ፣ «ማን ጥሩ ተጫወተ?» ከማለት በፊት «ከመካከላችን ያ ሰው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ያ ሀብታም እኔ ነኝን? ያ ጳጳስ እኔ ነኝን? ሦስተኛ፣ ከመለያየታችን በፊት በዚያው ሳምንት የምንጎበኘውን አንድ ቤት በስም እንለይ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ አካባቢ የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች ሕፃናቶቻቸውን አዝለው ወደ ነቀምቴ መጥተው ነበር። በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ ስላጣ ሕፃን በየዓመቱ የምናከብር ሰዎች፣ ስፍራ ያጡ ሰዎች በራችን ላይ ሲቆሙ እንደ ፊልም ተመልካች ቆመን ብናዝን ምን መልስ ይኖረናል? ለእነርሱ እንባችን አይበቃቸውም፤ የሚፈልጉት ብርድ ልብስ፣ እህልና ማደሪያ ነው።

ስለዚህ ለተነሣው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። የድሮውን ፊልም ማየት አይከለከልም፤ ነገር ግን ፊልም የበዓሉ መጨረሻ ሆኖ መቅረት የለበትም። መብራቱ ሲበራ ከጎናችን የተቀመጠውን ሰው ፊት ካላየን፣ በጨለማው ውስጥ ያየነው ሁሉ ጥላ ብቻ ነበር።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።