ኡሚ ቦርሳዋን የረሳች ቀን

 

ከቤተሰባችሁ ጋር ረጅም መንገድ በመኪና ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ይህች የእናንተም ታሪክ ናት።

ለዒድ ከአዲስ አበባ ወደ ጢቾ፣ አኮ (አያታችን) ዘንድ እየሄድን ነበር። ሹፌሩ እኔ ነኝ። የመንገድ ዱዓችንን አድርገን ረፋድ ላይ ወጣን። አዳማ ላይ ዙህርና ዐስርን በቀስርና በጀምዕ ሰግደን ቀጠልን። አሰላ ስንደርስ ኡሚ ድንገት «ቦርሳዬ!» አለች። የሰገድንበት ረስታዋለች። የአኮ መድኃኒት ደግሞ እሱ ውስጥ ነው። ወደ 75 ኪሎ ሜትር ተመለሱ፣ ያንኑ ያህል እንደገና ኑ!

ያኔ አፌ ተፈታ። «ስንት ጊዜ ነው እቃሽን ያዢ የምልሽ?» አልኳት፣ በታናናሾቼ ፊት። ኡሚ መልስ አልሰጠችኝም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ቦርሳው ተገኘ፣ አልሐምዱሊላህ። ከአሰላ አልፈን ሲመሽ ግን ጎማ ተነፈሰ። ስኮርታውን ባወጣው እሱም ባዶ! ሳንነሳ ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ኡሚ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በዚያ የአርሲ ብርድ ጎማውን ስፈታ፣ ጋቢዋን ከላይዋ ገፋ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ወላሂ፣ ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

አንድ የአይሱዙ ሹፌር ከነጎማው ጎሚስታ ድረስ ወሰደኝ፤ አላህ ኸይር ጀዛውን ይክፈለው። ጢቾ የገባነው በሌሊት ነው። አኮ አልተኙም። ስለ መዘግየታችን አልጠየቁም፤ አንድ በአንድ ቆጠሩንና «አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችሁም አላችሁ» አሉ።

ወንድሜ፣ እህቴ! በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጉዞም እቃ ጠፍቶ ያውቃል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከእህቷ ከአስማእ የተዋሰችው የአንገት ሐብል በመንገድ ላይ ጠፋባት። እሱን ፍለጋ ሰው ሁሉ ቆመ፤ ያሉበት ቦታ ውሃ የለውም፣ በእጃቸውም ውሃ የለም። አባቷ አቡበክር (ረ.ዐ) መጥተው ተቆጧት፣ ጎኗንም ወጉት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጭኗ ላይ ተኝተው ስለነበር መንቀሳቀስ እንኳ አልቻለችም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲነቁ ግን እሷን የወቀሱበት ቃል በሐዲሱ ውስጥ አናገኝም። ይልቁንስ የተየሙም አንቀጽ ወረደ። ለመሄድ ግመሏን ሲያስነሷት ሐብሉ ከሥሯ ተገኘ።

አስቡት! ዛሬ ውሃ ያጣ ሙሳፊር፣ ውሃ የሚጎዳው ሕመምተኛ በአፈር ተየሙም አድርጎ የሚሰግደው በዚያች የመዘግየት ቀን በመጣ እዝነት ነው። ሰዎች «አዘገየችን» ያሉባት ሰዓት ለኡማው በረካ ሆነች።

ዑለማዎች ሰፈር (ጉዞ) የተባለው የሰውን አኽላቅ ስለሚገልጥ ነው ይላሉ። የእኔን ገልጦታል። የኡሚንም ገልጦታል። አላህ ለወላጆቻችን «ኡፍ» እንኳ እንዳንል በሱረቱል ኢስራእ ከልክሎናል። እኔ ግን ለአንድ ቦርሳ ብዬ ከዚያ የከፋ ተናገርኩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ወደ ኋላ እየቀሩ ደካማውን ያግዙ፣ ዱዓም ያደርጉለት ነበር። እኛስ ዕቃ ለረሳው፣ ለሚያስመልሰው ሕፃን፣ «ቁም» ለሚሉን አዛውንት ምን ዓይነት ጓደኛ ነን?

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ስኮርታውንም ክሪኩንም እዩ፤ ግመልን አስሮ በአላህ መመካት ሱናችን ነው። ከዚያ ምላሳችሁን እሰሩ። የጎማ ቀዳዳ ጎሚስታ ይደፍነዋል፤ የእናት ልብ ግን ዐፍውታ ይፈልጋል። እኔ በነጋታው የኡሚን እጅ ስሜ «ዐፉ በይኝ» አልኳት። «ምኑን?» አለችኝ።

ይቅርታ ያልጠየቃችኋት እናት ካለች፣ ዛሬ ጁምዓ ናት፤ ከመግሪብ በፊት ደውሉላት።

አላህ ወላጆቻችንን ይጠብቅልን፣ ያለፉትንም ይማርልን፣ መንገደኞቻችንን በሰላም ያግባልን። አሚን።