ግሥሽ የት ቆሞ ነው የሚናገረው?

ልጄ፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ረቂቅ አነበብኩት። እንደደከምሽበት ያስታውቃል። አንባቢውን የሚያደናቅፈው የቃላት እጥረት አይደለም፤ ግሡ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ከትናንት ወደ ነገ፣ ከነገ ወደ ዛሬ እየዘለለ ነው። የተማሪ እንግሊዝኛ ሳርም ነው ያረጀሁት፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከምዕራፍ ሦስት ልጀምር። ፕሮፖዛሉን ስትጽፊ መረጃው ገና አልተሰበሰበም ነበርና «ዳታ ዊል ቢ ኮሌክትድ» ማለትሽ ትክክል ነው። አሁን ግን ሰብስበሽ፣ ተንትነሽ ጨርሰሻል። ፕሮፖዛሉን ገልብጠሽ ስትለጥፊው «ዊል»ም አብሮ መጣ። ፈታኝሽ ይህን ሲያይ ስለ ሰዋስው አያስብም፤ «ይህች ልጅ ጥናቱን በእርግጥ ሠርታዋለች?» ብሎ ነው የሚጠረጥረው። «ዌር ኮሌክትድ» በይው።

ስንፍና ብቻ ነው አልልሽም፤ አማርኛችን ያስለመደን ነገርም አለበት። «ጠዋት ተነሥቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ታክሲ ይዞ ሄደ» ስንል ጊዜውን የሚወስነው የመጨረሻው ግሥ ነው። «ሄደ»ን «ይሄዳል» ብትይው፣ ሌሎቹን ሳትነኪ መነሣቱም መብላቱም አብረውት ይዞራሉ። በእንግሊዝኛ ግን «ጎት አፕ»፣ «ኤት»፣ «ቱክ»፣ «ዌንት» ብለሽ ስትደረድሪ እያንዳንዱ ግሥ ጊዜውን ራሱ ተሸክሞ ይቆማል። አንዱን ብትረሺው ሌላው አይሸፍንልሽም። ረጅም ዓረፍተ ነገር በፓስት ጀምረሽ በፕረዘንት የምትጨርሺው ለዚህ ይመስለኛል። መጀመሪያ አጫጭር አድርገሽ ጻፊ፤ ግሡ በግልጽ ሲታይሽ በኋላ ማያያዝ ትችያለሽ።

ሁለተኛው ወጥመድ ዓመተ ምሕረት ላይ ነው። «የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው በ1986 ዓ.ም. ወጥቷል» ብንል በአማርኛ ማንም አይቆጣንም። አንቺም ይህንኑ ይዘሽ «ሃዝ ቢን ኢሹድ ኢን 1994» ብለሻል። ያለፈ ዓመት በስሙ ከተጠራ በኋላ ፕረዘንት ፐርፌክት አይገባም፤ «ወዝ ኢሹድ» ነው። «ሲንስ 1994» ብለሽ እስከ ዛሬ የዘለቀ ነገር ስታወሪ ግን «ሃዝ» ቦታዋ ነው። በየገጹ የማርመው ይህን ነው ብልሽ አላጋነንኩም።

ደግሞ ተጠንቀቂ፤ አንድ ወጥ ይሁን ማለት ሁሉም ግሥ ፓስት ይሁን ማለት አይደለም። ቃለ መጠይቅ ያደረግሽላቸው መምህራን የነገሩሽ አልፏል፤ ፓስት ይሁን። ውጤቱ ምን እንደሚያመለክት ስታብራሪ ግን በፕረዘንት ጻፊ። ኤፒኤ የተባለው የአጻጻፍ መመሪያም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ሠንጠረዡም አሁን አንባቢው ፊት ስላለ «ቴብል 4 ሾውስ» ይባላል። ሥነ ጽሑፍ የሚያጠኑት ጓደኞችሽ ሌላ ልማድ አላቸው። ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ማሳተማቸው ታሪክ ነውና በፓስት ይነገራል፤ በልቦለዱ ውስጥ በዛብህ ሰብለ ወንጌልን መውደዱ ግን መጽሐፉ በተከፈተ ቁጥር ስላለ በፕረዘንት ይጻፋል። ጊዜ የሚለወጠው እንዲህ ምክንያት ሲኖረው ነው። ምክንያቱን ለራስሽ መናገር ካቃተሽ ለውጡ ስሕተት ነው።

የሰው ቃል ስታቀብዪም እንዲሁ። እኛ «ርእሰ መምህሩ መጽሐፍ የለኝም አሉ» እንላለን፤ «የለኝም» ያሉት ርእሰ መምህሩ መሆናቸው አይጠፋንም። በእንግሊዝኛ ያለ ትምህርተ ጥቅስ «ሂ ሴድ አይ ሃቭ ኖ ቡክስ» ካልሽ መጽሐፍ ያጣሽው አንቺ ትሆኛለሽ። «ሂ ሴድ ሂ ሃድ ኖ ቡክስ» በይ።

ለአማካሪሽ ከመላክሽ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ «ዊል»ን ፈልጊ፤ ምዕራፍ ሦስት ውስጥ አንድም አይቅር። ከዚያ ምዕራፍ አራትን አትመሽ፣ ሐሳቡን ለጊዜው ተይውና ግሦቹን ብቻ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመርሽ አንብቢ። ሰዋስው በሚያርም ፕሮግራም ብቻ አትተማመኚ። «ዊል ቢ ኮሌክትድ» ለብቻው ሲታይ ምንም ስሕተት የለበትም፤ መረጃውን ሰብስበሽ መጨረስሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ።